የእማማ በለጡ አነጋገር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ዙሪያውን ዞሬ «ሰው አሳዝኛለሁ» ብዬ ነው ያለፍኩት። ለእናንተ ግን እንዳለ እነግራችኋለሁ፤ ፍረዱብኝ።

ቀንቼ ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልጉልኝ።

እኔ የሞላሌ፣ አስቴር የራቤል ልጅ ነን፤ አገራችን ጎረቤት፣ አነጋገራችንም አንድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ቋንቋ እንማር ነበር። አንድ ቀን መምህራችን፣ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ ከጥንት ዘመዶቻቸው ሲለዩ ተነባቢዎቻቸው እንዴት እንደተቀየሩ አስተማረን፤ የጥንቱ «ፕ» «ፍ» ሆነ፣ «ክ» ደግሞ «ህ»። እኔ ሠንጠረዡን እንደ ዳዊት ሸምድጄዋለሁ። አስቴር እጇን አወጣችና፣ «ይኼማ እኛም አገር አለ፤ እናቴ ‹ከ›ን ‹ኸ› ነው የምትለው» አለች። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ አያት። እኔን አንድም ቀን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። እኔስ እናት የለኝም? ጆሮ የለኝም?

የመመረቂያ ጥናቷን በዚያው ላይ አደረገችው። የራቤል ሽማግሌዎችን ንግግር በስልኳ ቀድታ ከእነጀርመንኛ ለውጥ ጋር ልታነጻጽር ስትሄድ፣ እኔንም እንደ እህት ይዛኝ ሄደች። እናቷ እማማ በለጡ አልጋቸውን ለቀቁልኝ። ጨዋታቸው አይጠገብም፤ ስለ በጎቻቸው፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ሟች ባላቸው። አስቴር እየቀዳች ፊቷ ይበራል። ያን ፊት ማየት አቃተኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አስቴር ጎረቤት ስትሄድ ብቻችንን ቀረን።

«እማማ፣ ይኼን ድምፅዎን እኮ ከተማ ወስዳ ለጓደኞቿ ነው የምትስቅበት» አልኳቸው።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ወሬው ከእሳቸው ወደ ሰንበቴ ማኅበርተኞቻቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ አስቴር ስትመጣ ሽማግሌዎቹ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ያሉ ይመስል «ኸ»ን እየዋጡ፣ ቃል እየመረጡ ያወሩ ጀመር። እናቷም እንደዚያው። ስልኩን ብትተወውም ለውጥ የለም። «ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ እላዬ ላይ አለቀሰች። አላውቅም አልኳት። ጥናቷን ተወችው፤ ቀጥሎ ትምህርቱንም። ዛሬ ራቤል ሱቅ አላት። እኔ የነጀርመንኛን ለውጥ ከመጻሕፍት ለቃቅሜ በማዕረግ ተመረቅኩ፤ አሁንም ያንኑ አስተምራለሁ።

እማማ በለጡ ዘንድሮ አረፉ። ቀብሩ ላይ ከልጃቸው ብሼ አለቀስኩ። አስቴር ፊቴን በነጠላዋ እየጠረገች አጽናናችኝ።

«እኔን እስክትሞት እንደ እንግዳ ነው ያናገረችኝ» አለች። «ካንቺ ጋር ግን በስልክም እንደ ልቧ ነበር የምትጫወተው። እንኳን አንቺን አገኘች።»

እውነቷን ነው፤ ይደውሉልኝ ነበር። ለልጃቸው የነፈጉትን ጨዋታ ለእኔ ያወሩልኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሰማችሁኝ? ደስ ይለኝ ነበር።

ለአስቴር እስካሁን አልነገርኳትም። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቃት እችላለሁ። እናቷን ግን ከየት አምጥቼ እመልስላታለሁ?