አምባዬ አንደኛ ያለው ፊልም

ሞላሌ ውስጥ ስለ ፊልም ክርክር ሲነሳ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ዐይነ ስውሩ አምባዬ ነበር። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ የከተማው ሰው ግን ለምዶታል። ፈንጣጣ ዐይኑን የወሰደበት በስምንት ዓመቱ ስለሆነ ቀይና ቢጫ ምን እንደሚመስሉ፣ በረዶ ሲጥል ሜዳው እንዴት እንደሚነጣ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ የኖረው ገመድ እየገመደ ነው። የእሱ ገመድ ጭነት ላይ አይላላም ይባላል። ሚስቱ አየለች የበግ ጠጉር እየፈተለች ባና የሚባለውን ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ታቀርብ ነበር። ሁለት ሴት ልጆች ወልደው ነበር። ትልቋ ጽዮን ራቤል ወደምትባል ከተማ ተድራ ሄደች፤ ታናሿን ጥሩሸዋን በሦስት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰዳት። ስለ እሷ ቤት ውስጥ አይወራም።

እስከዳር የምትባል መበለት በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ማጫወቻ ይዛ ቪዲዮ ቤት ከፈተች። ቅዳሜ ገበያው ሲበተን ቤተሰብ ከነልጆቹ የሚያየው በኮምፒውተር የተሠራ ፊልም ታሳያለች። መስኮቶቹን በባና ትሸፍናለች፣ ሰውም አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። የፊልሞቹን የእንግሊዝኛ ርዕስ የሚያነብ ስለሌለ ሕዝቡ ራሱ ስም አወጣላቸው፤ ልጇን በበረዶ አገር የምትፈልገው «ድቧ»፣ አርጅቶ ዳር የተጣለው «መርከቡ»፣ ሰዓቶቹ እግር አውጥተው የሚያመልጡት ሽማግሌ «ሰዓት ጠጋኙ» ተባሉ።

አምባዬን መጀመሪያ እየጎተተች የወሰደችው አየለች ናት። እሱ ምን ሊሠራ እንደሚሄድ አልገባውም ነበር። ከገባ በኋላ ግን ቅዳሜን የሚጠብቃት ከሁሉ በፊት እሱ ሆነ። አንድ ቀን ለእስከዳር ምክንያቱን ሲነግራት፣ ሰው የሚሠራባቸው ፊልሞች ውስጥ ሰዎቹ ዝም ብለው ይተያያሉ፣ ዝምታቸው ለእኔ ባዶ ነው፣ በእነዚህኛዎቹ ግን ድስቱም ይናገራል አላት።

አየለች በቀኙ ተቀምጣ በጆሮው ትነግረዋለች። ቋንቋውን እሷም አታውቀውም፤ የምታየውን ትናገራለች፣ ንግግሩን ከራሷ ትጨምርበታለች። «አሁን ድቧ ልጇን ተቆጣቻት፤ ምነው ከቤት ወጣሽ እያለቻት ነው» ስትለው አምባዬ የድቧን ድምፅ ይሰማና፣ እውነትም እንዲህ ነው ያለችው ይላል። ሲወጡ ደግሞ እስከ ቤታቸው ድረስ ይጣላሉ። እሱ ድቧ ከሁሉ ትበልጣለች ይላል፤ ልጅቱ እናቷን ስታገኝ ያለው ድምፅ በአጥንቱ ውስጥ ይገባል። አየለች ግን መርከቡን ታስቀድማለች፤ ማንም ሳይቀሰቅሰው ራሱ ተነሥቶ የሄደ ነውና። ሰዓት ጠጋኙን ሁለቱም ሦስተኛ ያደርጉታል፤ በዚያ ብቻ ይስማማሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖሩ።

በዘጠና ስምንት ሐምሌ፣ ከገብርኤል በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ሞላሌ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ገበያውም አልቆመም ማለት ይቻላል። አየለች ከጠዋት ጀምሮ ሳትፈትል ዋለችና ከሰዓት በኋላ ተነሥ እንሂድ አለችው። በዚህ ጉም ማን ይመጣል ቢላት፣ የሚመጡ አሉ አለች። እጁን ይዛ ወሰደችው፤ ተቀመጡ። ፊልሙ ተጀመረ።

አምባዬ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም እንደዚያ ያለ ፊልም ሰምቶ አያውቅም። ዜማው እንደ ዋሽንት ያለ፣ ከሩቅ የሚመጣና ቀስ እያለ የሚቀርብ ነበር። አንዲት ሴት በጉም ውስጥ እየሄደች በር ታንኳኳለች፤ ከውስጥ ሰው ያነጋግራታል፤ በሩ ሳይከፈት እግሯ እንደገና ይሄዳል። አየለች፣ ገና ነሽ እያሏት ነው፣ ሌላ ቤት ሞክሪ እያሏት ነው አለችው። ሁለተኛው ቤት፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ተመልካቹ እንደ ወትሮው አልተንጫጫም፤ ዝግ ብሎ ይስቃል፣ ዝግ ብሎ ይተነፍሳል። ከግራው የተቀመጠው ሰው አዲስ እንደተቆፈረ አፈር ይሸታል፤ አምባዬ ከእርሻ የመጣ ገበሬ ነው ብሎ አለፈው። ሰባተኛው በር ሲንኳኳ ዜማው ቆመ። አየለችም መንገሯን አቆመች።

«ምን ሆነ?» አላት።

«ተከፈተላት።»

«ማን ከፈተላት?»

«ትንሽ ልጅ።»

በዚያች ቅጽበት አንዲት ሕፃን ሳቀች፤ ከፊት ለፊቱ፣ ጉልበቱን ልትነካው በምትችልበት ርቀት። ከዚያ በኋላ ያለውን አየለች አልነገረችውም። ወደ ቤት ሲመለሱ ያቺ ስትስቅ የነበረች ልጅ የማን ናት ብሎ ጠየቃት። የሰው ናት፣ ተው አለችው። የዚያን ዕለት ፊልም ስለማበላለጥም አልተከራከሩም፤ በዚያ ቀን ክርክር እንደማያስፈልግ ሁለቱም የተስማሙ ይመስል ነበር።

በሳምንቱ አየለችን ውጋት ያዛት። ጤና ጣቢያ የሳንባ ምች ነው ተባለ፤ መርፌም ተወጋች፤ ግን አልዳነችም። ፍልሰታ ሳይፈታ ቀበሯት።

አምባዬ ዓመት ሙሉ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ አልደረሰም። ጽዮን ከራቤል መጥታ ይዤህ ልሂድ ብላው ነበር፤ እምቢ አላት። የሙት ዓመቱ ተዝካር ከወጣ በኋላ ግን ጳጉሜ ላይ እስከዳር ራሷ ቤቱ ድረስ መጣች። አገሩ ሁሉ ስለ ሚሊኒየሙ የሚያወራበት ጊዜ ነበር። እስከዳርም ቤቱን ከከፈተች ጀምሮ ያሳየቻቸውን ፊልሞች ሁሉ አወዳድራ አሥር ምርጦችን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ልትጽፍ አስባለች። ያለ ጋሼ አምባዬ ሰሌዳው ላይ ቁጥር አልጽፍም አለች። ሄደ።

ቤቱ ሙሉ ነበር። መርከቡ ይበልጣል የሚሉ በአንድ ወገን፣ ሰዓት ጠጋኙ ይበልጣል የሚሉ በሌላ ወገን ሲጯጯሁ ቆዩና ለእሱ ዝም አሉለት። አምባዬ ድቧን ሁለተኛ አደርጋታለሁ አለ። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ግልገሏ መጨረሻ ላይ እናቷን አግኝታ በጠጉሯ ውስጥ ስትሸጎጥ የሚሰማው ድምፅ የትም የለም አለ።

አግዳሚ ሲንቋቋ ሰማ።

እስከዳር ቀረብ አለችው። «ጋሼ አምባዬ፣ አላገኘቻትም እኮ» አለች ቀስ ብላ። «መጨረሻ ላይ ግልገሏ ብቻዋን ናት። አድጋ፣ በበረዶው ላይ ብቻዋን ስትሄድ ነው የሚያልቀው።»

አምባዬ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ጋለ፤ ሰው ፊት ተታሎ የቆመ መሰለው። ሦስት ዓመት ሙሉ የታየው ፊልም ሌላ፣ የነገረችው ሌላ! ትንሽ ቆይቶ ግን ያ ድምፅ ትዝ አለው። ድቧ ግልገሏን አገኘቻት ስትለው የአየለች ድምፅ ተሰብሮ ነበር። እሱ ያኔ ደስታ ነው ብሎ ነበር። አሁን ግን ስለ የትኛዋ ልጅ እንደነገረችው ገባው፤ ንዴቱም ወረደ።

«እንግዲያው ድቧን እንደፈለጋችሁ አድርጓት» አለ። «አንደኛዋን ግን አልለውጥም። አንደኛ ያቺ በጉም በር የምታንኳኳዋ ሴት ናት። ሰባቱ በር።»

ይህን ፊልም ያየ ሰው አልተገኘም። ከኋላ ያሉት እርስ በርስ ተጠያየቁ፤ እስከዳር ዲስኮቿን አንድ በአንድ እያወጣች ታሪካቸውን ነገረችው፤ አንዱም አልገጠመም። መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። ዐምና፣ ከሐምሌ ገብርኤል በፊት ባለው ቅዳሜ አላት። እስከዳር የያዘችውን ዲስክ አስቀመጠች። ስትናገርም ድምፅዋ እንደ ቅድሙ አልነበረም። ያን ሳምንት እናቷ ታማባት ደብረ ብርሃን ነበረች፤ ጄኔሬተሩንም ተበላሽቶ ስለነበር በአውቶብስ ጭና ወስዳዋለች። ቤቱን ቆልፋ ቁልፉን በአንገቷ አስራ ነው የሄደችው። በዚያ ቅዳሜ ቪዲዮ ቤቱ አልተከፈተም።

ያን ዕለት ሰሌዳው ላይ ቁጥር አልተጻፈም። ሰው ቶሎ ቶሎ ወጣ።

አምባዬ ግን አልተነሣም፤ በጭንቅላቱ ያን ቀን ከመጀመሪያው ያስኬደው ጀመር። ቪዲዮ ቤቱ ደፍ አለው፤ እግሩን ካላነሣ ይሰናከላል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንሥቷል። ያን ቅዳሜ ግን እግሩን አላነሣም። ወደ ውስጥ አልገቡም ማለት ነው። ታዲያ ዜማው ከየት መጣ? ያ ሁሉ ሰው የት ተቀምጦ ነው የሳቀው?

ከቪዲዮ ቤቱ ፊት ለፊት ወዳጆ የሚባል አናጢ አለ፤ የአምባዬ የልጅነት ጓደኛ ነው። እሱም በዚያች ቀን ሱቁ ውስጥ ነበር። አምባዬ በማግስቱ ሄዶ ጠየቀው። ወዳጆ መጋዙን አስቀመጠ።

«አይቻችኋለሁ» አለው። «በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ፣ ጣራው ሥር ተቀምጣችሁ ነበር። አየለች በጆሮህ ስታወራህ፣ አንተም ስትስቅ ነበር። ብርዱ እንዴት አልጎዳቸውም ብዬ ነበር።»

አምባዬ እፎይ አለ። እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው፤ አየለች ደጅ አስቀምጣ ከራሷ ልብ የወለደችውን ፊልም ነግራዋለች። ዜማውንም ጆሮው አጠገብ ሆና አንጎራጉራለት ይሆናል። ይህም ቢሆን ለእሱ ትንሽ ነገር አልነበረም። ሊሰናበት ሲነሣ ወዳጆ መጋዙን መልሶ ስላላነሣ ያልጨረሰው ነገር እንዳለ አወቀ።

«ተናገረው» አለው።

«ጉም ነበር፤ አልለየኋቸውም። ለዚያ ነው እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ።» አለ ወዳጆ። «አግዳሚው ግን ሙሉ ነበር፣ አምባዬ። መሬት ላይ የተቀመጡም ነበሩ። የገበያ ሰው ከዝናብ ሊጠለል ነው ብዬ ሥራዬን ያዝኩ። ቀና ስል እናንተ ስትሄዱ አየሁ። ሌሎቹ ሲነሡ ግን አላየሁም፤ አግዳሚው ባዶ ነበር።»

አምባዬ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ገመድ አልገመደም። እጁ ይጀምርና ጫፉ ይጠፋበታል። በመጨረሻ ወደ ነፍስ አባቱ ሄዶ ሁሉን ተናገረ። ካህኑ ሽማግሌ ናቸው፤ አልገሠጹትም፣ አልሳቁበትምም። ሲሰሙ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ሳቃቸውን ታውቀዋለህ?»

«አባ፣ የሌሎቹን አላውቀውም» አለ አምባዬ። ከዚያ ዱላውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ያቺ ከፊት ለፊቱ የሳቀች ሕፃን፣ ሳቋ መሐል ላይ እንደ ትንታ የሚይዛት፣ ያ ትንታ ጥሩሸዋን በጀርባው አዝሎ በግቢያቸው ሲሮጥ ይይዛት የነበረው ነው። ሃያ ዓመት ያልሰማውን ድምፅ ያኔ ሰምቶ፣ የማን ልጅ ናት ብሎ ጠይቆ፣ ተው ተብሎ ትቶት ነበር።

አምባዬ ሳይናገር ካህኑ ገባቸው። ፍትሐት እንዲያደርሱላቸው ስም ጠየቁት፤ ወለተ ሥላሴ ብሎ የልጁን፣ ከዚያም የሚስቱን የክርስትና ስም ሰጠ። ያን የጉም ቀን ፊልም ግን ከእንግዲህ አታበላልጠው አሉት፤ የሚበላለጠው ሰው የሠራው ነው።

አምባዬ ቃላቸውን ጠበቀ። በወሩ እስከዳር ሰሌዳዋን ስትጽፍ ድቧን አንደኛ አላት፤ አየለች በነገረችኝ መጨረሻም በፊልሙ መጨረሻም አንደኛ ናት አለ። ከዚያ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዱን አልተወም። የምትነግረው እስከዳር ሆነች፤ ቁጥብ ሴት ናት፤ ያየችውን ብቻ ትናገራለች። አንዳንዴ ዝም ስትል እሱ ራሱ ቀጥሎ ይናገርላታል፤ በአጠገቡ ያሉት ሰዎችም ፊልሙንም እሷንም ትተው እሱን ያዳምጣሉ። ከተማው መብራት ገብቶለት ሰው በየቤቱ ዲሽ እስኪተክል ድረስ እንዲህ ቆዩ። ቪዲዮ ቤቱ ሲዘጋ እስከዳር የድቧን ዲስክ ሰጠችው። ማጫወቻ የለውም፤ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠው።

አሁን አርጅቷል፤ ገመዱን ግን ይገምዳል። ፀሐይ ሲሆን ወዳጆ ሱቅ በር ላይ ይቀመጣል። በጉም ቀን ግን አግዳሚ ላይ ከመቀመጡ በፊት ቆሞ ማናችሁ ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም በየተራ ስማቸውን ይነግሩታል፤ ጠባዩን ስለሚያውቁ አይከፋቸውም። እሱም ከመጨረሻው ስም በኋላ ዱላውን ተደግፎ ትንሽ ይጠብቃል።