የድመቴ ስኳርና የዋርሳዬ ጾም

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ደግሞ ጠዋት ማታ ራሴን መርፌ የምወጋ ሴት ነኝ፤ እንዴት ልርሳ? ዋርሳዬን፣ የሟች ባሌን ታላቅ ወንድም፣ ፊት ለፊት ስናወራ «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታዬን ነስቼዋለሁ። ይቺም አንድ በቀል ናት።

ስኳር ከያዘኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የድመቴን ያወቅሁት በጉንዳን ነው። ውሃ ጠጥታ አትጠግብም፤ ትበላለች፣ ግን አጥንቷ ወጣ። አንድ ቀን የሸናችበትን አመድ ጉንዳን ወርሮት አየሁና የራሴን መለኪያ አመጣሁ። ጆሮዋን በሞቀ ጨርቅ አሙቄ ጠርዙን በመርፌ ነካ አደረግሁት። ጤፍ የምታህል ደም ወጣች። መለኪያው ከአራት መቶ በላይ አለ።

የከብት ሐኪሙ መጀመሪያ ሳቀብኝ። ኋላ ለቀድሞ አስተማሪው ደውሎ ጠየቀና ጠዋትና ማታ ጥቂት ኢንሱሊን ፈቀደልኝ። «ግን ምግቡ ከመርፌው አይለይ፤ ያለ ምግብ መርፌ ሞት ነው» አለኝ። ይህንስ ከራሴ አውቀዋለሁ።

ዋርሳዬ ወሬውን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ባጃጅ መቆሚያ አዳረሰው። «ክርስቲያን መድኃኒት አጥቶ ይሞታል፣ እሷ የድመት ደም ትለካለች» እያለ ከተማችንን ንፋስ መውጫን አሳቀብኝ። እሱን እንኳ ችዬው ነበር።

በፍልሰታ አርብ ገበያ ከምትባለው ከተማ ለቅሶ ገጠመኝ። ማለዳ ድመቴን ለክቼ ወጋኋትና የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍሬ በሳህኗ አቀረብኩላት። ገና ስታሸት ሚኒባሱ ጡሩንባውን ነፋ። ዋርሳዬ ቤት ሊጠብቅልኝ መጥቶ ነበር።

«እባክዎ፣ በልታ እስክትጨርስ ይዩልኝ። ካልበላች ትሞታለች» አልኩት።

«ሂጅ፣ እኔ አለሁ» አለኝ።

በዚያ ጾም እዚህ አገር ሕፃናት እንኳ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀምሱም። ዋርሳዬም እኔ እንደ ወጣሁ ሳህኑን አንስቶ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለው፤ በሩን ዘግቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ስመለስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ድመቴ ከበሩ ሥር ተጋድማለች፤ መንጋጋዋ ይንቀጠቀጣል። ለካኋት፣ ሃያ ስምንት። ማር በጣቴ እየጠቀስሁ ድዷን ሳሸው አለቀስኩ፣ ተራገምኩ። ነፍሷ ተመለሰች። ዓይኗ ግን እንደ ጠፋ ቀረ።

ማታ ስነግረው «ሕፃን የሚጾመውን ድመት ብትጾመው ምን አለበት?» አለኝ። ይህን ቃል ቋጥሬ አስቀመጥኩት።

ብዙ አልቆየም፤ ዋርሳዬ ራሱ ውሃ በውሃ ላይ ይጠጣ ጀመር። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳ። ጤና ጣቢያ ኢንሱሊን ቢያዙለትም መርፌ ሲያይ እጁ ይርዳል፤ ራሱን መውጋት አልቻለም። ከሰፈሩ መርፌ የሚያውቅ ማን አለ? እኔ። በየጠዋቱ እየመጣ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ እኔም «ይቆዩ፣ ድመቷን ልጨርስ» እለዋለሁ። ጣቱንም ለመለካት ስወጋው ጎኑን ትቼ የሚያመውን መሐሉን ነው የምወጋው። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

ፍልሰታ ዞሮ መጣ። የንስሐ አባቱ ስለ ሕመሙ በጠዋት እንዲበላ ፈቅደውለታል፤ ሽሮውንም እኔ ቤት ነው የሚበላው። አንድ ቀን ወጋሁትና ሳህኑን አቀረብኩለት። እጁን ሳይዘረጋ መልሼ አነሣሁና ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት።

«ምነው?»

«ፍልሰታ አይደል? ቅዳሴ ይውጣ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ሳቁ አለቀ፤ ግንባሩን ላብ ቸፍ አለው፣ ከንፈሩ ነጣ፣ ጉልበቱ ላይ ያሳረፈው እጁ መንቀጥቀጥ ያዘ። ድመቴ በድምፁ መጥታ በጭፍን እግሩን ታከከችው። ማን እንደሆነ አታውቅም።

«አንች ሴት፣ ምን እየሆንኩ ነው?»

«እየጾሙ ነው።»

ቀና ብሎ ሳህኑን አየ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ድመቷ መለሰ።

«እሷን ምን ያህል አቆየኋት?» አለኝ።

«ከማለዳ እስከ ሰባት ሰዓት።»

ለምኖኝ እንቢ ልለው ነበር አንድ ዓመት ሙሉ ያሰብኩት፤ እሱ ግን አልለመነኝም። እጁን አውርዶ የድመቷን ጀርባ ይዳብስ ጀመር።

ተነሥቼ ሳህኑን አወረድኩ። እጁ አልታዘዝ ስላለው ማር በጣቴ አላስኩት፣ ሽሮውን በእጄ አጎረስኩት። እስካሁን አንጀቴን የሚያቃጥለኝ፣ በቀሌን ያስጣለኝ ያ ጉርሻ ነው።