ትንሽ ቁስል

ሰገነት የምትባለውን ሴት የማያውቅ በሽተኛ ሶዶ ውስጥ የለም ብል ትንሽ አጋንኛለሁ፤ ብዙ ግን አልዋሸሁም። ቤተ ክርስቲያኗ ለሕሙማን እንድትጸልይ ወደ ሆስፒታላችን ላከቻት፤ መጣች፣ ጸለየች፣ በዚያው አስተርጓሚ ሆና ቀረች። ከሌላ አካባቢ የሚመደቡልን ሐኪሞች ወላይትኛ አይሰሙም። ከተበላና ከቢጠና ገጠር የሚመጡት ገበሬዎች ደግሞ አማርኛቸው ገበያ ላይ ያልቃል። እኔ ነርስ ነኝ፣ ወላይትኛውም አያቅተኝም፤ ግን መርፌ ይዤ ሳባብል ማን ያምነኛል?

እኔ የማርያም ልጅ ስለሆንኩ “ጴንጤዋ” እላታለሁ። “ሲስተር መሲ፣ አንቺም አንድ ቀን ትድኛለሽ” ትለኛለች። “መጀመሪያ ከጩኸትሽ ልዳን” እላታለሁ። እውነቴን ነው፣ ስትጸልይ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ቁጡ ናት፤ ዘበኛውንም ዶክተሩንም አትምርም። የታመመ ሰው ፊት ሲጠቁር ማየት ግን አንጀቷ አይችልም። ጉድ ያደረጋትም ይኸው ነው።

ጋሽ ዳልጮ የተባሉ ከተበላ የመጡ ገበሬ መዋጥ አቅቷቸው ተኙ። ከወተት በቀር የሚወርድላቸው አልነበረም። ዶክተር ጌታነህ መረመራቸውና ልጃቸውን ሚልክያስን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነገረው፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል። ሚልክያስ መምህር ነው። ሰምቶ እንደ ጨረሰ ሰገነትን ለመናት።

“እህት ሰገነት፣ በጌታ፣ ያ ቃል ጆሮው እንዳይገባ። ተጸልዮለታል፣ ፈውሱም ታውጇል። እኛው በአፋችን ሞት ካወራንበት እምነታችን የታለ?”

ክፋት አልነበረበትም። የአባቱን እግር ሲያጥብ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰገነትም ቃል ይሠራል ብላ የምታምን ሴት ናት። ስለዚህ ጋሽ ዳልጮ “ምንድን ነው ያመመኝ?” ብለው ሲጠይቋት በወላይትኛ “ትንሽ ቁስል ነው” አለቻቸው። በነጋ በጠባ ሲጠይቋትም ያው ቁስል ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሳቸው ግን የሚያድሩበት ብዙ ሌሊት አልነበራቸውም።

አንድ ጠዋት ዶክተር ጌታነህ አልጋቸው አጠገብ ቆመ። “ቀዶ ጥገና አድርገን ሆዳቸው ላይ ቱቦ ብናስገባ ምግብ ይወስዳሉ” አለ፤ “በሽታውን ግን አያድነውም፣ እዚህም መቆየት አለባቸው። ወይ ደግሞ ማስታገሻ ይዘው ቤታቸው ይግቡ። ምርጫው የሳቸው ነው፤ ንገሪያቸው።”

ሰገነት ነገረቻቸው፤ ያችኑ “ትንሽ ቁስል” ሳትለቅ። የሽማግሌው ፊት በራ።

“ቁስል ከሆነ ቁረጡት! ቦሎቄው ሳይረግፍ ቤቴ ልድረስ።”

“ምን አሉ? ተስማሙ?” አለ ዶክተሩ።

ሰገነት “አዎ” ብትል ሁሉም ደስ ይለው ነበር። ሽማግሌው ግን ላልታመሙት በሽታ ሊቀደዱ ነው።

“አልተስማሙም፣ ዶክተር። የተስማሙት ቁስል ለሚባል ነገር ነው። ቁስል ያልኳቸው እኔ ነኝ።”

ሚልክያስ ክንዷን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወሰዳት። “በቃልሽ ልትገድይው ነው?” አላት።

“እኔ ነኝ በፈውስ የማላምነው?” ብላ ጮኸችበት። “ለስንቱ አልቅሻለሁ! ጌታ ለመፈወስ የኔን ውሸት ይፈልጋል እንዴ? አባትህ ልጆቹን ሳይመርቅ ቢሄድ፣ ምርቃታችንን ማን ሰረቀን ልትል ነው?”

እዚህ ላይ ጴንጤዋ አሸነፈችኝ። እኛም ዘንድ ሰው ሳይናዘዝ እንዲሄድ አንፈልግም፤ ያልተነገረው ሰው ደግሞ ምኑን ብሎ ቄስ ያስጠራል? ሚልክያስ ግድግዳውን ተደገፈ። አልፈቀደም፣ አልከለከለምም።

ሰገነት ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሚልክያስም ተከትሏት ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ያ ሁሉ ድምጿ የት እንደ ገባ እንጃ።

“ጋሽ ዳልጮ፣ ቁስል ብዬ የዋሸሁዎት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ አያድኑትም።”

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።  እንደዞሩም “መቁረጡን ተዉት፤ ቤቴ ውሰዱኝ” አሉ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

“ሚልክያስ፣ ና ተንበርከክ።”

አባት ከአልጋው ሆኖ ልጁን እንዲህ ሲጠራ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሚልክያስም ያውቃል። ለዚህም ነው ከቆመበት ያልተነቃነቀው።

“አልንበረከክም፣ አባዬ። ትድናለህ። ታውጇል።”

እጃቸውን ግን አላወረዱም። ሄጄ ላወርድላቸው ምንም አልቀረኝ።

“አሜን፣ ልዳን” አሉ ጋሽ ዳልጮ። “ጌታ ቢምረኝ እኔ ነኝ የምጠላው? ግን ብድንም ምርቃቱን መልሼ አልወስድብህም። ተንበርከክ፣ ልጄ፣ እጄ ዛለ።”

ሚልክያስ ሲሚንቶው ላይ በጉልበቱ ወደቀ። አባትየው እጃቸውን አናቱ ላይ አሳርፈው በቀስታ ይመርቁት ጀመር። ዶክተር ጌታነህ ጠጋ ብሎ “ምን እያሉ ነው?” ሲል አስተርጓሚዋን ጠየቃት።

“አሜን” አለች ሰገነት።