ጣት ጣት የሚያካክሉት የግሌኒስ ዓሦች

ግሌኒስ ኦልድሮይድ እጇን ባልዲው ውስጥ ከታ ዕጣዋን ስታወጣ ሰባት ቁጥር ደረሳት። ዙሪያዋን የቆሙት ዓሣ አጥማጆች ባንድ አፍ «ውይ!» አሉ። አንዱማ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ።

በሃክስቢ ኩሬ ዳር ሰባት ቁጥር ማጥመጃ ቦታ የሚደርሰው ሰው ይታዘንለታል። ከዮርክሻየር ኮረብቶች የሚወርደው ነፋስ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ውኃው ደግሞ ከጉልበት አያልፍም፤ ትልልቆቹ ዓሦች እዚያ ድርሽ አይሉም።

«አይዞሽ፣ ቢያንስ መጸዳጃው ቅርብሽ ነው» አላት ሆራስ ቲንዳል። ሆራስ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ይህን ውድድር ስድስት ጊዜ አሸንፏል፤ ስድስቱንም ጊዜ ማንም ሳይጠይቀው ያወራል። የዛሬ ዕጣው ስምንት ቁጥር ነበር፤ ጥልቁ ውኃ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

«አንተ ደግሞ ስታሸንፍ ዝም ብለህ አሸንፍ» አለችው ግሌኒስ ሣጥኗን እየጎተተች።

ውድድሩ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የሚደረገው ለነፍስ አድን ሄሊኮፕተሩ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። የዚያ አውራጃ ሰው ሁሉ ወይ ወንድሙን ወይ ጎረቤቱን ሄሊኮፕተሩ አንስቶለት ያውቃል፤ የሆራስን ሚስት ከነተሰበረ ዳሌዋ ከኮረብታ ላይ ያነሳትም እሱ ነው። አጥማጆቹ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያጠምዳሉ፤ ያጠመዱት ተመዝኖ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ ከባዱን የያዘ ዋንጫ ይወስዳል። ገንዘቡን የሚሰጡት እያንዳንዱ አጥማጅ ዞሮ ያስፈረማቸው ሰዎች ናቸው።

ግሌኒስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በመንደሩ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርታለች። ከአርባ ዓመት በታች የሆነውን የሃክስቢ ሰው ሁሉ አብልታዋለች ማለት ነው። ስለዚህ ለማስፈረም አልተቸገረችም። ወረቀቷን ይዛ መጀመሪያ የገባችው ዱኤን ሥጋ ቤት ነበር፤ ዱኤን ልጅ ሳለ አተሩን ላለመብላት ኪሱ ውስጥ የሚደብቅ ተማሪ ነበር፤ እስከ ዛሬም «ሚስ» ይላታል። እሱም ቢላውን አስቀምጦ «ዱኤን፤ በአንድ ዓሣ አንድ ፓውንድ እከፍላለሁ» ብሎ ፈረመ። ከእሱ በኋላ የፈረሙት ሁሉ ላይኛውን መስመር እያዩ እንደዚያው ጻፉ።

የኩሬው ዳኛ ኢኒድ ፊሽካዋን ነፋች፤ ውድድሩም ተጀመረ፤ ዝናቡም አብሮ ተጀመረ።

የመጀመሪያው ሰዓት ለግሌኒስ እንዲሁ አለፈ። በሁለተኛው ሰዓት ነፋሱ ወንበሯን ገልብጦ መንጠቆ ላይ የምትሰካቸውን እጮች ሣሩ ላይ ዘራቸው። በጉልበቷ ተንበርክካ አንድ ባንድ እየለቀመች ወደ ጣሳቸው መለሰቻቸው። ገና ቀና ስትል አንድ ዝይ መጥቶ ግማሹን ሳንድዊቿን ወሰደባት። ከዚያ ደግሞ ልጆቿ ለስድሳኛ ዓመት ልደቷ የገዙላትን ረጅሙን ዘንግ ወደ ጥልቁ ውኃ ስትዘረጋ ነፋሱ ከወገቡ ያዘውና ቀጭ! አደረገው። ድምፁ ማዶ ድረስ ተሰማ።

«ምን ተሰበረ? ወገብሽ ነው ዘንጉ?» ብሎ ጮኸ ሆራስ።

«ዘንጉ!»

«እሰይ፣ እግዜር ይመስገን! ወገብስ ሱቅ አይገኝም!»

መሳቅ ፈልጋ ነበር፤ ግን ከንፈሯ በብርድ ደርቆ እሺ አላላትም። ስድስት ሰዓት ሲሆን መረቧ ውስጥ የነበሩት ስድስት ዓሦች ናቸው፤ ስድስቱም ጣት ጣት ያክላሉ። ሆራስ በዚያው ጊዜ ሕፃን ልጅ የሚያካክሉ፣ ካርፕ የሚባሉ አራት ዓሦች አስገብቷል። ግሌኒስ የተሰበረውን ዘንግ እንጨቱን ከእንጨት፣ ክሩን ከክር እየለየች መሰብሰብ ጀመረች። ቤቷ ሄዳ ሙቅ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ብቻ ነበር የታያት።

ይኸኔ ዱኤን በፕላስቲክ ኩባያ ሻይ ይዞላት መጣ። ሥጋ ቤቱን ለሚስቱ ትቶ ውድድሩን ሊያይ የመጣ ነው።

«እህ ሚስ፣ ስንት ደረሱ?»

«ስድስት። ተወው፣ ስድስት ክብሪት በለው።»

«ስድስት!» ዱኤን ሻዩን ሊደፋው ደረሰ። «አምና እኮ አራት ብቻ ነበር! ጎበዝ!»

«አንተ ልጅ፣ የሚታየው ክብደቱ ነው። የእነዚህ ሁሉ ድምር አንድ ቋሊማህን አያክልም።»

«እኔ ክብደት መቼ አልኩ ሚስ? በአንድ ዓሣ ነው የፈረምኩት። ትንሽ ሆነ ትልቅ ምን አገባኝ?»

ግሌኒስ ሻዩን እንደያዘች ቀጥ አለች። ከዚያ ከቦርሳዋ ውስጥ የረጠበውን የፊርማ ወረቀት አውጥታ ገለጠችው። ሠላሳ ሁለት ስም። ከላይ እስከ ታች «በአንድ ዓሣ፣ በአንድ ዓሣ፣ በአንድ ዓሣ» ይላል። ቀና ብላ ከእግሯ ሥር ያለውን ጥልቀት የሌለውን ውኃ አየችው። ከጠዋት ጀምሮ ስትረግማቸው የነበሩት ትናንሽ ዓሦች፣ ያን ሁሉ እጭ እየነከሱ የጨረሱባት፣ እዚያው እንደ ዝናብ ጠብታ ይርመሰመሳሉ።

«ዱኤን» አለችው ረጋ ብላ፣ «ባንክህ ውስጥ ገንዘብ አለህ?»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

የልጅነቷን አጭር ዘንግ ከሣጥኑ ሥር አወጣች፤ ክር መጠቅለያ እንኳ የለውም። በጣም ደቃቃውን መንጠቆ አሰረችበት። አንድ እጭ ሰክታ አጠገቧ ጣል አደረገች። ወዲያው ጎተተ፤ አወጣች፤ መረብ ውስጥ። እንደገና ሰካች፤ ጣለች፤ አወጣች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ ሦስት መቶ ሳህን በሃያ ደቂቃ ሲያድል የኖረ እጅ ነው። ዝናቡ በአንገቷ ገብቶ በእግሯ ይወጣል፤ ጣቶቿ መጀመሪያ ቀሉ፣ ቀጥለው ነጡ፣ በኋላም የእሷ መሆናቸውን ረሳች። ግን ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ታንጎራጉር ነበር።

«ምን ነካሽ? በትልቁ ተስፋ ቆርጠሽ ከሕፃናት ጋር ልትጣይ ነው?» አላት ሆራስ።

«ዝም በል፣ ቁጥር ታሳስተኛለህ!»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊሽካው ሲነፋ ዘንጉን ከእጇ ማላቀቅ አልቻለችም፤ ጣቶቿን አንድ ባንድ ያላቀቃት ሆራስ ነው።

ሚዛኑ ሲዞር ሆራስ ዘጠኝ ካርፕ፣ ሃያ አንድ ኪሎ፤ ሰባተኛ ዋንጫው። የግሌኒስ መረብ ሁለት ኪሎ አልሞላም፤ ከመጨረሻው ሁለተኛ ወጣች። ኢኒድ መዝግባ ልታልፍ ስትል ግሌኒስ «የኔ ደግሞ በቁጥር ነው፣ ቁጠሪልኝ» አለቻት።

ኢኒድ ተንበርክካ ዓሦቹን አንድ ባንድ ወደ ውኃው እየለቀቀች ቆጠረች። ሃያ ላይ ሰዎች መሰብሰብ ጀመሩ። ሃምሳ ላይ ባንድ ድምፅ ይቆጥሩ ነበር። ዱኤን ሰማንያ ድረስ አብሮ ሲጨበጭብ ቆይቶ ድንገት እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ኧረ ሚስ! ይበቃል እንጂ!»

«ገና ምኑ ተነካ?» አለ ሆራስ፤ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ነበር። «ዘጠና ሦስት! ዘጠና አራት!»

መቶ አርባ አንድ ላይ ኢኒድ ቆም አለች። «ይቺ እንቁራሪት ናት።»

«ፊርማዬ ስለ እንቁራሪት አይልም!» አለ ዱኤን። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እንቁራሪቷም ዘላ ኢኒድ ትከሻ ላይ ወጣች።

መቶ ሰማንያ ሰባት ዓሣ ሆነ። የግሌኒስ ሠላሳ ሁለት ፈራሚዎች የሚያዋጡት ከሌሎቹ አጥማጆች ሁሉ ድምር በለጠ። ዱኤን ግንባሩን ይዞ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ከዚያ ተነሥቶ ግሌኒስን ከነጭቃዋ አቀፋት። «በአተሩ ጊዜም እንዲህ ነበርሽ፤ ከኪሴ አስወጥተሽ አንድ ባንድ ሳታስቆጥሪኝ አትለቂኝም!» አላት።

መንደር ሲገቡ መጠጥ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ለእያንዳንዱ አጥማጅ ጨውና ኮምጣጤ የተነሰነሰበት የተጠበሰ ድንች በወረቀት ታደለ። ግሌኒስ ግን ትንሿን የእንጨት ሹካ መያዝ አቃታት፤ ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ። ሆራስ ዋንጫውን ወንበር ሥር አስቀመጠና አጠገቧ ተቀምጦ ሹካውን አነሳ።

«አፍሽን ክፈቺ።»

«ሰው እያየን?»

«ይይ። ክፈቺ።»

ከፈተች። አኘከች፤ ዋጠች፤ ትንሽም አሰበች።

«ኮምጣጤ አንሶታል» አለችው።

ሆራስ እየተነጫነጨ ተነሥቶ ኮምጣጤ ሊያመጣ ሄደ።