ፒፓ የሚገሩት ሰው

የማንኩሳው አናጢ ጋሽ ስመኘው "ቫርኒሽ ይቀቡልኝ" የሚላቸውን ደንበኛ አይወዱም።

"ወንበር መሰለህ?" ይላሉ። "ቫርኒሽ የለበሰ ፒፓ አይተነፍስም። እሳት ሲነካው ቆዳው ያብጥና ይላጣል።"

እሳቸው የወይራ ሥር ይጠርቡና በጠርሙስ ስባሪ ያለሰልሱታል፤ ሌላ ጌጥ የለውም።

አዲስ ፒፓ እንደ ወይፈን መገራት አለበት። ውስጡን ማር ቀብተው፣ ትምባሆውን እስከ ግማሽ ብቻ ሞልተው፣ ቀስ እያሉ ያጨሱበታል። የእንጨቱ መስመር ቀጥ ያለ ከሆነ ቶሎ ይገራል፤ የተወላገደ ከሆነ ግን ምላስ ሲለበልብ ይከርማል።

የቡሬው ጨርቅ ነጋዴ ኢስሃቅ ለዚህ ትዕግሥት አልነበራቸውም። ስለዚህ ጋሽ ስመኘው የአዲሱን ፒፓ ምሬት ቀድመው ይውጡላቸውና የተገራውን ፒፓ በገበያ ቀን ይዘውላቸው ይሄዱ ነበር። እዚያ ኢስሃቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አብረው ያጨሱ ነበር። ማንኩሳ ላይ ግን ከሚያጨስ ሰው አጠገብ የሚቀመጥ የለም።

ኢስሃቅ ረመዳን ሊገባ ሲል ሞቱ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ስመኘው ቤት ሄጄ መደርደሪያው ላይ አፉ የጠቆረ ፒፓ አየሁና ይሸጡልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"የሰው ነው" አሉኝ። "የኢስሃቅ ነው። እሱ ሲሞት ገና ይመር ነበር። እኔ ጀምሬ መተው አልወድም፤ ገርቼ ጨረስኩት።"

"ታዲያ እርስዎ ለምን አያጨሱበትም?"

ተቆጡ።

"ምሬቱንስ ድሮም ብቻዬን ነው የምውጠው። ጣፋጩን ብቻዬን ምን ላድርገው?"