ቃሌን ያደረሱት ሽማግሌ

መርሳ ላይ ከአውቶቡስ እንደ ወረድኩ ሁለት ፖሊሶች በግራና በቀኝ ቆሙ። አንደኛው የያዝኩትን መጽሐፍ ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ «ዛሬ ንግግር የለም፤ ወደ ወልድያ እንመለሳለን» አለኝ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም።

ያን ጊዜ ወልድያ ውስጥ መምህር ነበርኩ። በየቅዳሜው መርሳ፣ ሲሪንቃና ሌሎችም የሐብሩ መንደሮች እየሄድኩ፣ ለተሰበሰበው ሰው ስለ ታሪክ፣ ስለ ፍልስፍናና ስለ ሥነ ምግባር መናገር ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ማንም አልላከኝም። ያነበብኩትን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ ስለ ከበደኝ ጀመርኩት፤ ሰዎቹ ስለ ጠሩኝ ቀጠልኩበት።

ወልድያ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል መስኮት አልነበረውም። ብርሃን የሚገባው ከበሩ በላይ ባለች፣ ከመጽሐፍ ገጽ በማትበልጥ ቀዳዳ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ይንጣጣል፤ የዘጠኝ ሰው ላብና የሽንት ባልዲው ሽታ አንድ ሆነዋል። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ስጠብቅ፣ ከጥግ አንድ ድምፅ፣ «መምህር፣ አንተንም አመጡህ? አብሽር፣ ና እዚህ ተቀመጥ» አለኝ።

መርሳ ላይ ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጡት ሽማግሌ ነበሩ። በአገሩ ሁለት ሰዎች ተጣልተው አልነጋገር ሲሉ፣ የአንዱን ቃል ወደ ሌላው የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ እንደሚያደርሱ ስለሚታወቅ፣ ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ ያምኗቸዋል።

«አባባ፣ አንቱ ደግሞ ምን አድርገው ነው?»

«ያንተን ንግግር ተናግሬ ነዋ» አሉ። ኩራት ነበረባቸው። «ያለፈው ቅዳሜ ያልከውን ሲሪንቃ ለቅሶ ቤት ነገርኩልህ። ከዚያ ወፍጮ ቤት ነገርኩልህ። ‹መምህሩ እንዲህ አለ› እያልኩ፣ አንዲት አላስቀረሁም።»

«እሳቸው እያሉ ሬዲዮ ምን ያደርጋል» አለ አንድ እስረኛ ሹፌር። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ምን ብዬ እንደ ነበር ትዝ አለኝ።

ያለፈው ቅዳሜ የተናገርኩት፣ ሐሰት ከመናገር ሞትን ስለ መረጠ አንድ የጥንት ፈላስፋ ነበር። ስጨርስ እኒሁ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «መምህር፣ ዘንድሮም ዝናቡ ቀረ። ሰው የሚራበው ከአላህ ነው ወይስ ከሰው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላመነታ፣ «ዝናብ የሚከለክለው ሰማይ ነው፤ ጎተራ የሚቆልፈው ግን ሰው ነው። የተቆለፈው ጎተራም የባላባቱና የሹሙ ነው» ብዬ መለስኩ።

«እዚህስ ጠየቁዎት?»

«ነገ በቁርአን አስምለው ሊጠይቁኝ ነው።»

«ምን ሊሏቸው አስበዋል?»

«ያልከውን ነዋ። ሌላ ምን እላለሁ?»

ያን አንድ መልስ ከእኒህ ሰው ራስ ውስጥ የማወጣበትን መንገድ ቀኑን ሙሉ ፈለግሁ። ስለ እውነት ያስተማርኳቸውን ሰው እንዲረሱልኝ ልለምን መሆኔ ይታወቀኝ ነበር፤ ቢሆንም ለመንኩ።

«አባባ፣ ያችን የመጨረሻዋን የጎተራ ነገር አልሰማሁም ቢሉስ?»

መቁጠሪያቸውን ስለ ወሰዱባቸው በጣታቸው አንጓ ይቆጥሩ ነበር። ቆጥረው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ መሬት የለኝም። ከብቶቼ አልቀዋል። ሰው ቤት የሚያስገባኝ ይህ አፌ ነው። እሱን ለነዚህ ሰጥቼ ምን ይዤ እወጣለሁ?» ቀጥለውም፣ «ብትፈራ አልፈርድብህም፤ ገና ልጅ ነህ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት መቶ አለቃው አስጠራኝ። ባዶ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

«ሽማግሌውን ከማስማላችን በፊት አንድ በር ልክፈትልህ። ‹አላልኩም፤ ሽማግሌው ከራሳቸው ፈጥረው ነው› ብለህ ጻፍ። መምህር ሲታሰር ተማሪ ይጮሃል። ለእሳቸው ማን ይጮሃል? አንተ ዛሬውኑ ትወጣለህ።»

«እሳቸውስ?»

«ሐሰት በማውራት ይቀጣሉ።»

ብዕሩን አነሣሁ። የመጀመሪያውን መስመር ሰርዤ እንደገና ጻፍሁት። የተናገርኩትን ሁሉ፣ ባላባቱንም ሹሙንም ሳልተው አሰፈርኩ። ጥያቄው ጋ ስደርስ ግን፣ «ከተሰበሰበው ሰው አንዱ ጠየቀኝ» ብዬ አለፍኩ። ሽማግሌውን በነገሩ ላለማስገባት ያደረግሁት ጥንቃቄ ነበር።

መቶ አለቃው አነበበውና ሽማግሌውን አስጠራ። ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ይህን ብሏል?»

«ብሏል። አንድ ነገር ግን ቀርቷል።»

«ምን ቀረ?»

«የጠየቅሁት እኔ ነኝ። እሱን ጻፍበት።»

መቶ አለቃው ወደ እኔ ተመለከተ፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባት፣ ይህ እርስዎንም ያስቀጣል» አላቸው።

«ይጻፍ።»

ተጻፈ። መፈረም ስለማይችሉ አውራ ጣታቸው ቀለም ተቀብቶ ወረቀቱ ላይ ታተመ። ሲወጡ ጣታቸውን በጋቢያቸው አልጠረጉትም።

ሁለታችንም አምስት ወር ታሰርን። እሳቸው ከእኔ ቀድመው ወጡ፤ መርሳ ላይ አሁንም ሰው እያስታረቁ ነው።

በዚያ ጠዋት የእሳቸውን ነገር መተዌ ርኅራኄ ነው ብዬ አምን ነበር። አሁን ሳስበው፣ የገዛ ጥያቄያቸውን ቀምቻቸው ኖሯል። ከእስር ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀምሬአለሁ። ንግግሬ አጥሯል። ከአፌ ሊወጣ የተቃረበ ከባድ ቃል ሲኖር፣ ያ ቀለም የነካው አውራ ጣት ይታየኛል፤ ቃሌን የሚያደርሰው ሰው ዋጋውን አብሮኝ ይከፍላልና። አንዳንዱን ቃል እተወዋለሁ። አንዳንዱን ግን እናገረዋለሁ።