የስክሪን ሐቅ

መካነ ሰላም ላይ ስልክ የሚጠግን ሰው የሚኖረው በተሰበረ ስክሪን ነው። ከአረብ አገር ተመልሼ፣ ሥልጠና ወስጄ በከፈትኳት ጠባብ ክፍል ውስጥ እኔንም፣ እናቴንም፣ ልጄንም ያበላን እሱ ነው። ከወግዲ ገበያተኛ እስከ ቀበሌ ጸሐፊ ስልኩን የማይጥል የለም፤ እግዜር ይስጣቸው።

ችግሩ እኛ ጠጋኞች ስክሪኑን የምናገኝበት መንገድ ነበር። የስልክ ዕቃ የሚያመጡልን ሦስት ነጋዴዎች ናቸው። ድሮ አንዱ ሲያስወድድብን ወደ ሌላው እንሄድ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ሦስቱም ጋ ዋጋው አንድ ሆነ፤ ሲጨምርም በአንድ ቀን ይጨምራል። ስንጠይቃቸው «ዶላሩ ነው» ይሉናል። ከዶላር ጋር ማን ይከራከራል? ደሴ ሄደን እንዳንገዛ ትራንስፖርቱና ተዘግቶ የሚውለው ሱቅ ትርፉን ይበላዋል። ደንበኛውም ዋጋውን ሲሰማ የተሰነጠቀ ስልኩን በፕላስተር ለጥፎ ይሄዳል። የቤት ኪራይ ተጠራቀመብኝ። በመጨረሻ ድሮ ለላከኝ ደላላ ደውዬ ወደ አረብ አገር ልመለስ ነው አልኩት። መጀመሪያ ስሄድ ልጄ ገና ጡት መጣሏ ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት። እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጨነቀኝ።

ያዳነኝ ከሦስቱ ነጋዴዎች አንዱ ለሐጅ መነሳታቸው ነው። በእኛ አገር መካ የሚሄድ ሰው ከመውጣቱ በፊት በየቤቱ እየዞረ «አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» ይላል፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ መሄድ ይፈራል። ነጋዴው እኔም ሱቅ መጡ። ክርስቲያን ብሆንም ወጉን አውቀዋለሁና «አፉ ብያለሁ፣ በሰላም ይመልስዎ» ልል አፌን ስከፍት፣ «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ስሚኝ» አሉኝ። ሦስቱ ተቀምጠው ዋጋ እንደተማከሩ፣ ዶላሩም ሰበብ እንደነበር ነገሩኝ። እውነቱን ልናገር፣ በያዝኩት መበየጃ ባቃጥላቸው ደስ ባለኝ።

እሳቸው ግን ለእኔ ነግረው ብቻ አልተዉትም፤ ሽማግሌ ፊት ሄደው ተናገሩ። አንድ ሼህና አንድ መሪጌታ ነገሩን ያዙት። ሁለቱ ነጋዴዎች መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ አፈሩ፣ በኋላ ያለ አግባብ የወሰዱትን ሊመልሱ ተስማሙ። እኛ ጠጋኞቹ ተጠራን። ደረሰኝ የሚባል ነገር በመካከላችን ኖሮ ስለማያውቅ እያንዳንዳችን የገዛነውን በመሐላ እንድንናገር ተባለ።

እዚህ ላይ ነው የእኛን ሰው ማወቅ። የገዛ ገንዘባችንን ልንቀበል መጥተን፣ መሐላውን ፈርተን ሁላችንም ቀነስን! አንዱ ጠጋኝ «ከዚህ እንደሚበልጥ አውቃለሁ፣ ግን ለነፍሴ ግማሹ ይበቃኛል» አለ። እኔ ልጄን እያሰብኩ ደፈር ብዬ ልናገር ነበር፤ ተራዬ ሲደርስ ምላሴ እምቢ አለኝ። ጥርት ብለው የሚታወሱኝን ግዢዎች ብቻ ጠራሁ። በዚያ የሚመለስልኝ ኪራዩን እንኳ አይሸፍንም።

ሐጅ የሚሄዱት ነጋዴ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ቀንሳለች» አሉ። «የዐረፋ ሰሞን የወሰደችው የት ሄደ? የጥምቀቱስ? የሸጥኩላትን እኔ አላውቅም? የዚችን ልጅ ሐቅ ይዤ የት ነው የምሄደው?»

«አንተ ከፋይ ነህ ወይስ ጠበቃ?» ቢሏቸው ሼሁ፣ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ነጋዴው አልሳቁም። «እሷ ከፈራች እኔ እምልላታለሁ» አሉና ማሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አሁንስ አፉ ትይኛለሽ?» አሉኝ። እንባዬ ቀደመኝ። የበደሉኝ ሰው ናቸው፤ ግን የወለደኝ አባቴ እንኳ በሰው ፊት እንዲያ ቆሞልኝ አያውቅም። እስከ ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ምርቃት ነው የሚቀናኝ።

ገንዘቡ ሲመለስልኝ ኪራዬን ከፈልኩ፤ ደላላውንም ቀርቻለሁ አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ለልጄ ነገርኳት። ለካስ ልሄድ መሆኑን ቀድማ ሰምታ፣ በሆዷ ይዛው ኖሯል። ሮጣ ወጣች። ደጅ ለሚጫወቱት የጎረቤት ልጆች «የእኔ እማዬ አትሄድም! ቀርታለች!» ስትል ሰማኋት። ልጆቹ ጨዋታቸውን አቆሙ። የአብዛኞቹ እናት ጅዳ ወይ ቤይሩት ናት፤ ድምፅዋን የሚያውቁት እኔ በምጠግነው ስልክ ነው። ወጣሁና ሁሉንም ለምሳ ጠራኋቸው።